ድንጋይ ነህ ተብሎ የተጣለው ጨው፦ የ«ፀሐይ ንግሥቷ» ማሪያ ቴልከስ ታሪክ

ቤቱ ውስጥ ማገዶ የለም። ከሰል የለም። ጋዝም ናፍጣም የለም። ቦታው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት ነው፤ ክረምቱ አጥንት ሰብሮ የሚገባበት አገር። ጊዜው ደግሞ የ1948 የገና ዋዜማ። ከሀንጋሪ የመጡ ባልና ሚስት ከትንሽ ልጃቸው ጋር ዕቃቸውን ይዘው ወደዚህ ቤት ገቡ።

ታዲያ በዚያ ብርድ ቤቱን የሚያሞቀው ምን ነበር? ጨው!

የምራችንን ነው። በብረት በርሜሎች የታሸገ 21 ቶን ጨው።

ዛሬ የምንተርክላችሁ ይህን ቤት ያሰበችውን ሴት ታሪክ ነው። ጨዉ ሠርቶ ነበር። ከዚያ ከሸፈ። እሷም ከሥራዋ ተባረረች። ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አላበቃም፤ እንዲያውም ዋናው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተከተሉን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማሪያ ቴልከስ ዲሴምበር 12፣ 1900 በሀንጋሪ ዋና ከተማ ቡዳፔስት ተወለደች። ያኔ ሴት ልጅ ሳይንስ ልማር ስትል ብዙ ቅንድብ ይነሳ ነበር። እሷ ግን በቡዳፔስት ዩኒቨርሲቲ ፊዚካል ኬሚስትሪ ተምራ በ1924 ዶክትሬቷን ያዘች። ገና ተማሪ ሳለች የፀሐይ ኃይል ነገር ልቧን ወስዶት ነበር። ዓለም በከሰልና በነዳጅ በሚሮጥበት ዘመን፣ እሷ በየቀኑ በነፃ የሚፈሰውን ሙቀት እያየች ለምን ዝም ብሎ ይባክናል የምትል ዓይነት ሰው ነበረች።

ትምህርቷን እንደጨረሰች ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ ተሻገረች። ለጉብኝት የሄደችው ሴት እዚያው ቀረች። ክሊቭላንድ ከተማ ባለ አንድ የሕክምና ተቋም ተቀጥራ፣ ሕያው አካል ስለሚያመነጨው ኃይል ስታጠና ዓመታት ቆየች። በ1937 የአሜሪካ ዜግነት አገኘች። በዚያው ዓመት ዌስቲንግሃውስ የተባለው ትልቅ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ገብታ፣ ሙቀትን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚቀይሩ መሣሪያዎች መመራመር ጀመረች።

ከዚያ የምትመኘው ዕድል መጣ። ጎድፍሬይ ካቦት የተባለ የቦስተን ባለጸጋ፣ ኤምአይቲ በሚባለው ስመ ጥር የቴክኖሎጂ ተቋም የፀሐይ ኃይል እንዲጠና ብሎ ከ600,000 ዶላር በላይ ሰጠ። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ቴልከስ በ1939 ቡድኑን ተቀላቀለች።

ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። መርከባቸው የሰመጠ፣ አውሮፕላናቸው ባሕር ላይ የወደቀ ወታደሮች በነፍስ አድን ጀልባ ላይ ሆነው በውሃ ጥም ይሞቱ ነበር። አስቡት፤ ዙሪያው በሙሉ ውሃ ነው፣ የሚጠጣ ግን የለም። ቴልከስ ለዚህ መላ ዘየደች። በትንፋሽ የሚነፋ፣ ተጣጥፎ የሚያዝ፣ በውስጡ የባሕር ውሃ የሚገባበት የፕላስቲክ ዕቃ ሠራች። ፀሐይ ውሃውን ታተነዋለች፣ ጨዉ ወደ ኋላ ይቀራል፣ እንፋሎቱ ተመልሶ የሚጠጣ ውሃ ይሆናል። በቀን አንድ ሊትር ገደማ ይሰጣል። አንድ ሊትር ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ባሕር መሀል ለተጣለ ሰው ግን በሕይወት የመቆየትና ያለመቆየት ጉዳይ ነው። መሣሪያው ከአሜሪካ ጦር የአደጋ ጊዜ ዕቃዎች ጋር ተካተተ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ሥራ ፀሐይ እያለች ነው ሥራው የሚሠራው። ቤት ማሞቅ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ቤት ሙቀት የሚፈልገው መቼ ነው? ፀሐይ ስትጠልቅ! ሌሊት፣ ደመና ሲሆን፣ ክረምት ሲገባ። የደጋ አገር ልጅ ይህ አይጠፋውም፤ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማታ ደግሞ ጋቢ ያስደርባል። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ የቀኑን ሙቀት አስቀምጦ ለሌሊቱ እንዴት ማቆየት ይቻላል?

የኤምአይቲ መሐንዲሶች መልስ ውሃ ነበር። ትልቅ ታንከር ውሃ በፀሐይ አሙቆ ማስቀመጥ። ይሠራል፤ ግን ብዙ ቦታ ይበላል። ቴልከስ ሌላ ነገር ይዛ መጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድስት ውሃ ጥዳችሁ ስታሞቁ ሙቀቱ 20፣ 30፣ 40 እያለ ይወጣል። በረዶ ስታቀልጡ ግን የተለየ ነገር ታያላችሁ። እያማሰላችሁ ብታሞቁት፣ በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ ፈቅ አይልም። ታዲያ እሳቱ የት ገባ? ማቅለጡ ላይ ዋለ። ያ የተዋጠ ሙቀት ጠፍቶ አልቀረም፤ ውሃው ተመልሶ በረዶ ሲሆን ያንኑ ሙቀት ይመልሰዋል። ማለትም መቅለጥ ሙቀት ማስቀመጥ ነው፣ መርጋት ደግሞ ያስቀመጡትን ማውጣት።

በረዶ በዜሮ ዲግሪ ስለሚቀልጥ ለቤት ማሞቂያ አይሆንም። የሚፈለገው ከክፍል ሙቀት ትንሽ ከፍ ብሎ የሚቀልጥ፣ ርካሽ የሆነ ነገር ነው። ቴልከስ የመረጠችው የግላውበር ጨው የሚባለውን ነው። ስሙን ያገኘው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ጀርመናዊ ኬሚስት ዮሐን ግላውበር ነው። ሰውየው የምንጭ ውሃ ውስጥ ያገኘውን ይህን ጨው ተአምረኛ ብሎ ጠራው፤ ሕዝቡም ለዘመናት ሆድ ለማጠብ ሲጠጣው ኖሯል። አዎ፣ የሆድ ድርቀት መድኃኒት ነበር!

ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው አይደለም። ሶዲየም ሰልፌት ነው፤ ያውም ውሃ አዘል። በክሪስታሉ ውስጥ እያንዳንዱ የጨው ክፍል 10 የውሃ ሞለኪውሎችን አቅፎ ይይዛል። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ ስታዩት ግን ደረቅ ነጭ ክሪስታል ነው። 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ያንን ውሃ ይለቅና ይቀልጣል። አንድ ኪሎው ሲቀልጥ የሚውጠው ሙቀት ወደ 250 ኪሎጁል ይጠጋል። ይህ አንድ ኪሎ ውሃን በ60 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። 21 ቶኑን ስታሰሉት ከ1,000 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይመጣል፤ አንድ ኪሎዋት የምትበላ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሌትም ቀንም ሳትጠፋ ከ40 ቀን በላይ ብትነድ ማለት ነው። ያውም ሁሉም ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ።

ሐሳቡ ያምራል። ችግሩ ሁሉም ሰው አላመነበትም። የኤምአይቲን የፀሐይ ፕሮጀክት ይመራ የነበረው ሆይት ሆተል፣ በሙቀት ምህንድስና አንቱ የተባለ ሰው ነበር። ጨዉ ያጠራጥረዋል። ከጦርነቱ በኋላ በተደረጉት ሙከራዎች ላይ ሁለቱ ተጋጩ፤ ቴልከስም ከፀሐይ ቡድኑ ወጥታ ወደ ብረታ ብረት ጥናት ክፍል ተዛወረች።

እሷ ግን እጅ አልሰጠችም። አሚሊያ ፒቦዲ የተባለች ሀብታም ቀራፂ አገኘች። ፒቦዲ ቦስተን አቅራቢያ ዶቨር በምትባል ከተማ ካላት መሬት ላይ ቦታ ሰጠች፣ ገንዘቡንም ቻለች። ቤቱን የነደፈችው አርክቴክት ኤሊኖር ሬይመንድ ነበረች። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ሳይንቲስቷ ሴት፣ አርክቴክቷ ሴት፣ ገንዘብ ያወጣችው ሴት። በ1948 ዓ.ም!

የዶቨር ቤት አሠራሩ ይህን ይመስላል። የላይኛው ፎቅ በደቡብ በኩል ከዳር እስከ ዳር በ18 ትልልቅ የመስታወት ገጾች ተሸፈነ። ከመስታወቱ ጀርባ ጥቁር የተቀባ ብረት አለ። ፀሐይ ብረቱን ታግለዋለች፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማራገቢያዎች የሞቀውን አየር ገፍተው በክፍሎቹ መሀል ወዳሉት የጨው ጓዳዎች ይወስዱታል። ጨዉ ቀን ቀን ይቀልጣል። ማታ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ አየሩ በበርሜሎቹ መሀል ያልፋል፤ ጨዉም እየረጋ ሙቀቱን ይመልሳል። ዕቅዱ ፀሐይ ለአሥር ቀን ያህል ብትጠፋ እንኳ ቤቱ እንዳይቀዘቅዝ ነበር። መግቢያችን ላይ ያነሳነው ቤተሰብም ሌላ አይደለም፤ አባወራው የቴልከስ የራሷ ዘመድ ነው። ሙከራውን የጀመረችው በገዛ ቤተሰቧ ላይ ነበር ማለት ነው።

ሠራም! የመጀመሪያው ክረምት አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ጋዜጣና መጽሔት ስለ ዶቨር ቤት ጻፉ፣ ጎብኚ ጎረፈ። ቴልከስም የፀሐይ ንግሥት የሚል ቅጽል ስም ወጣላት። በ1952 የአሜሪካ ሴት መሐንዲሶች ማኅበር የመጀመሪያውን የስኬት ሽልማቱን ሰጣት።

በሦስተኛው ክረምት ግን ነገር ተበላሸ።

ሻይ ውስጥ ስኳር ጨምራችሁ ሳታማስሉ ብትተዉት ምን ይሆናል? ከሥር ይዘቅጣል፤ ላዩ ውሃ ውሃ ይላል። የግላውበር ጨውም እንደዚያ ነው። ሲቀልጥ፣ ከራሱ የወጣው ውሃ ጨዉን በሙሉ ለማሟሟት አይበቃም። ያልሟሟው ከበርሜሉ ሥር ይዘቅጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ ከላይ ያለው ይረጋል፤ ከሥር ያለው ግን ውሃውን መልሶ ማግኘት አይችልም። በማግሥቱ ትንሽ ይብሳል፣ በሳምንቱ ደግሞ ይብሳል። ከመቶዎች ዙር በኋላ ከላይ ውሃ፣ ከሥር ደረቅ ነገር ሆኖ ቀረ። ሙቀት የመያዝ አቅሙ ወረደ። በዚህ ላይ ጨዉ የብረት በርሜሎቹን በላቸው፤ ዝገት ገባ፣ ማፍሰስም ጀመሩ።

ሌላም ተንኮል ነበረው። ይህ ጨው አንዳንዴ ከ32 ዲግሪ በታች ቢወርድም ሳይረጋ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። ካልረጋ ደግሞ ሙቀቱን አይሰጥም። ባንክ ያስገባችሁትን ገንዘብ ልታወጡ ሄዳችሁ ሲስተም የለም እንደመባል ቁጠሩት።

በመጨረሻ ጨዉ ወጣ፤ ቤቱም እንደ ጎረቤቶቹ በተለመደው ማሞቂያ መሞቅ ጀመረ። በ1953 ቴልከስ ከኤምአይቲ ተሰናበተች።

እዚህ ላይ ሐቁን ሳንሸፋፍን እንናገር። ሆተል የጠረጠረው ነገር እውነት ሆነ፤ በዚያ ጊዜ፣ በዚያ በርሜል ውስጥ፣ ጨዉ አልቻለም። ቴልከስም የሚያስፈልገው ምርመራ ሳያልቅ ተስፋዋ ቀድሟት ሄዶ ነበር። ብዙ ሺህ ጊዜ መቅለጥና መርጋት ያለበትን ነገር በአንድ ሁለት ክረምት ማወቅ አይቻልም። ግን ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፦ ሐሳቡ ስህተት ነው ማለትና፣ ሐሳቡ ገና አልበሰለም ማለት። ያኔ ነዳጅ ርካሽ ነበር፤ ልዩነቱን ለማወቅ ትዕግሥት ያለው ሰው አልነበረም። አበው ጨውን ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል ይሉታል አይደል? ልክ እንደዚያው ሆነ።

ቴልከስ ግን ጨዉን ድንጋይ ነው ብላ አልተወችውም። ለምን እንደሚሳነው ማወቅ ፈለገች።

አንዱን መልስ ገና የዶቨር ቤት ሳይዘጋ አግኝታለች። ቦራክስ የሚባል ሌላ ማዕድን አለ፤ የክሪስታሉ አሠራር ከግላውበር ጨው ጋር ይመሳሰላል። ጥቂት ቦራክስ ሲጨመር ጨዉ የሚረጋበት መነሻ ያገኛል፤ እርሾ ሊጡን እንደሚያስጀምረው በሉት። አልረጋም ብሎ መንገላታቱ ይቀንሳል።

ከሥር መዝቀጡ ግን ዓመታት ፈጀ። መፍትሔው ለሰሚው ቀላል ይመስላል፦ ማወፈር! አጥሚት ወፈር ሲል ውስጡ ያለው ሁሉ ባለበት ተንሳፎ ይቀራል እንጂ እንደ ውሃ ከሥር አይዘቅጥም። ቴልከስ ልዩ የሸክላ አፈር ከጨዉ ጋር ቀላቅላ ወፍራም ድብልቅ ሠራች። ያልሟሟው ጨው አይወርድም፤ ውሃው አጠገቡ ስላለ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይይዘዋል። የዚህ ድብልቅ የፈጠራ መብት በ1976 ተሰጣት። ያኔ 75 ዓመቷ ነው። ከዶቨር ውድቀት ሩብ ክፍለ ዘመን በኋላ!

በመሀሉ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ወደ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ፣ ከፎርድ ፋውንዴሽን ባገኘችው 45,000 ዶላር በፀሐይ የሚሠራ ምድጃ ሠራች። የታሰበው ማገዶና ኤሌክትሪክ ለቸገራቸው አገሮች ነው፤ ሙቀቱ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፣ አሠራሩም ቀላል ነው። ጭስ የለ፣ እንጨት ለቀማ የለ። ኋላም ሙቀት የሚያጠቃቸውን የአፖሎ የጠፈር ፕሮጀክት መሣሪያዎች ለመጠበቅ የሚያገለግሉ ቁሶች ላይ ሠርታለች። ልብ በሉ፤ ይህም ያው የመቅለጥና የመርጋት ጥበብ ነው።

በ1973 ዓለም በነዳጅ ቀውስ ስትናወጥ፣ ትናንት የተሳቀበት ሐሳብ እንደገና ተፈለገ። በዚያው ዓመት ዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ሶላር ዋን የተባለውን ቤት ሠራ፤ ከፀሐይ ኤሌክትሪክም ሙቀትም የሚያገኝ ቤት። የሙቀት ማጠራቀሚያው የማን ሥራ ነበር? የቴልከስ። ውስጡስ ምን ነበር? ውሃ አዘል ጨው። ለበጋ ደግሞ ቅዝቃዜ የሚያስቀምጥ ሌላ የጨው ድብልቅ ተጨምሮበታል። በ1980ም፣ ሰማንያኛ ዓመቷ ላይ ሆና፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ካርላይል በምትባል ከተማ በተሠራ ሌላ የፀሐይ ቤት ላይ ተሳትፋለች። ከ20 በላይ የፈጠራ መብቶች በስሟ ተመዝግበዋል።

በ1995፣ አሜሪካ ከገባች ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ፣ የተወለደችበትን ቡዳፔስትን ለማየት ተመለሰች። እዚያው እያለች ዲሴምበር 2 ቀን አረፈች። 95ኛ ዓመቷን ልትደፍን አሥር ቀን ነበር የቀራት። ለጉብኝት አሜሪካ ሄዳ የቀረችው ሴት፣ ለጉብኝት አገሯ ገብታ ቀረች። በ2012 ስሟ በአሜሪካ የፈጣሪዎች የክብር መዝገብ ሰፈረ። በ2022 በልደቷ ቀን ጉግል መፈለጊያ ገጹን በእሷ ሥዕል አስጊጦ ነበር፤ ምናልባት ስልካችሁ ላይ አይታችሁ አልፋችሁት ይሆናል።

ጨዉስ የት ደረሰ? ዛሬ በብርድ አገር ኪስ ውስጥ የሚያዝ፣ ውስጡ ያለችውን ትንሽ ብረት ቀጭ ሲያደርጓት የሚሞቅ የእጅ ማሞቂያ አለ። ውስጡ ሶዲየም አሴቴት የተባለ ውሃ አዘል ጨው ነው። በዶቨር ሳይረጋ እየቆየ ያስቸገረው ጠባይ እዚህ ጥቅም ሆነ፤ እስክትቀሰቅሱት ድረስ ሙቀቱን ይዞ ይጠብቃችኋል። ስኮትላንድ ውስጥ ሰንአምፕ የተባለ ኩባንያ ይህንኑ ጨው በሣጥን አሽጎ፣ 58 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ የቤት «የሙቀት ባትሪ» ይሸጣል፤ ለገላና ለዕቃ ማጠቢያ የሚሆን ውሃ ያሞቃል። ኔዘርላንድስ ውስጥ አይንድሆቨን ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ሌላ መንገድ ይዘዋል፤ ጨዉን በሙቀት ያደርቁታል፣ ሙቀት ሲፈልጉ እርጥበት ይሰጡታል። ደረቅ ሆኖ እስከተቀመጠ ድረስ ሙቀቱ አይባክንም፤ የበጋው ለክረምት ሊቆይ ይችላል።

የዶቨር ጨው ተጠርጎ ሲወጣ ያየ ሰው፣ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ ቢል አይፈረድበትም። አንዲት ሴት ግን ከበርሜሉ ሥር የዘቀጠውን ትኩር ብላ አየችው፤ ለምን ዘቀጠ ብላ ጠየቀች፤ መልሱን እስክታገኝ ድረስም ሩብ ክፍለ ዘመን ሠራች። እኛም ይህን ታሪክ የመረጥነው ለዚሁ ነው። አንድ ነገር ከሸፈ የሚል ዜና ስታነቡ፣ ከሸፈ ከሚለው ቃል ቀጥሎ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ታሪኩ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።